ከፔሮሉ ጀምሪ
አንዲት ጡረተኛ ሒሳብ ሠራተኛ ከሰበታ ለእህቷ ልጅ የጻፈችው ምክር

ልጄ፣ ሰኞ ሥራ እንደምትጀምሪ እናትሽ በስልክ ነገረችኝ። የጡረታ መዋጮ ተቆጣጣሪ አድርገው ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ሰጥተውሻል አሉ። እሷ እልል ብላለች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ፣ በፋብሪካው በኩል ነው የተቀመጥኩት። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሻይ የማዘው፣ ፋይሉን መርጬ የማወጣው እኔ ነበርኩ። አንቺ የምትፈልጊው ነገር የት እንደሚደበቅ የማውቀው ደብቄው ስለማውቅ ነው። የምጽፍልሽን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ያለ ቁጥር ማሰብ አይሆንለትም።

፩.

ስሌቱን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃልሽ ያዢው። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ በድምሩ 18። የግል ድርጅት ሠራተኛ ወደ ጡረታ ዐቅድ የገባው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ። ያኔ ከአሠሪው 7፣ ከሠራተኛው 5 ብሎ ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው እዚህ የደረሰው። አሁን የምትሠሪበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ደግሞ 1267/2014 አለው። መዋጮው የሚቆረጠው ከመደበኛ የወር ደመወዝ ነው። “መደበኛ” በምትለዋ ቃል ላይ ጣትሽን አኑሪ፤ ጨዋታው ሁሉ እዚያ ነው።

ወር ሲደርስ 6,000 ብር የሚቀበል ሠራተኛ አለ እንበል። 420 ከእሱ፣ 660 ከድርጅቱ፣ በጠቅላላው 1,080 ብር በየወሩ መግባት አለበት። ድርጅቱ ግን ፔሮሉ ላይ ደመወዙን 3,000 ያደርግና ቀሪውን “የትራንስፖርት”፣ “የቤት”፣ “የኃላፊነት” እያለ ይበትነዋል። ሠራተኛው አይቆጣም፤ ተቆራጩ ስላነሰለት እንዲያውም ደስ ይለዋል። ጉዱ የሚታየው 60 ዓመት ሲሞላው ነው። አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ። ሃያ ዓመት ያገለገለ 42.5 በመቶ ይደርሰዋል። በ6,000 ከተሰላ 2,550 ብር ነው፤ በ3,000 ከተሰላ 1,275። በዚያ ልዩነት የወር ጤፉ ነው የሄደው።

እኔ 31 ዓመት አገልግዬ የደረሰኝ 56.25 በመቶ ነው። ጣሪያው 70 ነው ይላሉ። እዚያ ለመድረስ 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ አንድም ወር ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ካገኘሽ አሳይኝ፣ ቡና አፈላለታለሁ።

፪.

ፔሮሉን ብቻ አይተሽ አትመለሺ። ፔሮል የምናሳይሽን ነው። ከጎኑ የዘበኞቹን የመግቢያ መዝገብ አስቀምጪ፤ ዘበኛ ሰው ሲቆጥር አይዋሽም፣ ለምን ብሎ? ክበብ ያለው ፋብሪካ ከሆነ የምሳ ኩፖኑን ጠይቂ። በእኛ ክበብ በቀን 340 ሳህን ሲወጣ ፔሮሉ ላይ የነበረው 262 ስም ነው። የ78 ሰው ምሳ ማን በላው ብሎ የጠየቀን ተቆጣጣሪ ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አልመጣም። የደንብ ልብስ የታደለበትን ቅጽ፣ ሠራተኛ የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ቁጥር፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን ተመልከቺ። ከዚያ ለገቢዎች የተላከውን የመዋጮ ዝርዝር አምጪና አንድ ላይ ዘርጊያቸው። ወረቀቱ ሁሉ አንድ ቁጥር ካላወራ፣ ውሸቱን ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ አትሂጂ።

፫.

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገርሽ።

አንድ ዘመን ፋብሪካችን ጥሬ ዕቃ የሚያስመጣበት ዶላር አጣ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮዬ መጥቶ “የዚህን ወር የጡረታ ገንዘብ ለጊዜው አቆዪው፣ ኤልሲው ሲከፈት እንተካዋለን” አለኝ። ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ ግን 7 በመቶውን ቆርጠን ነበር። ያ ገንዘብ የእኛ አልነበረም፤ ከሰው ኪስ ወጥቶ በእጃችን ያለ አደራ ነበር። አቆየሁት። በሚቀጥለው ወርም አቆየሁት። በአራተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ መጠየቅ ተወ፤ እኔው ራሴ ሳልታዘዝ ማቆየት ጀመርኩ። በኋላ ተከፍሏል፣ ከነቅጣቱ። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፦ በመጀመሪያው ወር አንድ ሰው ስልክ ደውሎ “የጥር አልገባም፣ ምን ሆናችሁ?” ቢለኝ ኖሮ በማግስቱ እከፍል ነበር። የሚጠይቅ እንዳለ ባውቅ ለሥራ አስኪያጁም “አይሆንም” ለማለት ወገብ ይሆነኝ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ቁጥጥር ማለት ዶሴ ጢም ብሎ ሲሞላ ከፖሊስ ጋር መምጣት አይምሰልሽ። መዋጮ በአንድ ወር ሲዘገይ ስልክ ነው። በሁለት ወር ደብዳቤ ነው፤ ቀን የተቆረጠበት፣ “እስከዚህ ቀን ድረስ” የሚል። ቀጥሎ በአካል መሄድና የክፍያ ዕቅድ አስፈርሞ መመለስ ነው። ሕጉ እንቢ ባለው አሠሪ ላይ ከባንክ ሒሳቡ እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ ጉልበት ሰጥቶሻል፤ ፍርድ ቤትም አለ። ግን የመጨረሻውን ዱላ ከመጀመሪያው ቀን ካነሣሽ ፋብሪካው ይዘጋና መዋጮ የሚያዋጣው ሠራተኛ ጎዳና ይወጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት እርከኖች ዘለሽ ዓመት ተኝተሽ ከከረምሽ ደግሞ ዱላው የሚያርፍበት ሰው አታገኚም፤ ባለሀብቱ አገር ለቅቆ ሄዷል፣ ማሽኑን ባንክ ይዞታል።

፬.

ሁሉንም ፋብሪካ እኩል አትጎብኚ። ከአለምገና እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ የውሃ ማሸጊያዎች ድረስ ያለውን ድርጅት ሁሉ በተራ አዳርሳለሁ ካልሽ ሳትጨርሺው ጡረታ ትወጪያለሽ። ምልክት ያለበትን አስቀድሚ። ሒሳብ ሹሙ በዓመት ሦስቴ የተቀየረበት፣ ደመወዝ ከወሩ አምስተኛ ቀን አልፎ መክፈል የጀመረ፣ የሠራተኛው ቁጥር በወረቀት ሲቀንስ የመብራት ሒሳቡ የጨመረ፣ ባለቤትነቱ ሊተላለፍ ነው የሚባል። ይህን ዛሬ በዓለም ያሉ የጡረታ ተቆጣጣሪዎች “በሥጋት ላይ የተመሠረተ ቁጥጥር” ይሉታል። እናትሽ ደግሞ ከእሳት አጠገብ የተኛውን ሕፃን አስቀድሞ ማንሣት ትለዋለች።

ባለቤትነት መተላለፉን አቅልለሽ አትዪው። ሜታ ቢራ ፋብሪካን ተመልከቺ። በንጉሡ ጊዜ ተተከለ፣ በደርግ የመንግሥት ሆነ፣ በ2004 ዓ.ም. የእንግሊዙ መጠጥ ድርጅት ዲያጂዮ በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቢራ ጠማቂው ቢጂአይ ዞረ። ከጠመቃው ክፍል ንቅንቅ ያላለ ሠራተኛ ሦስት አሠሪና ሁለት ዓይነት የጡረታ አዋጅ አይቷል። በሜታ ክፉ ነገር ሆነ ማለቴ አይደለም፣ ሰምቼም አላውቅ። እንዲህ ያለ ርክክብ ባለበት ሁሉ የግል ማኅደር ከአንዱ ካዝና ወደ ሌላው ሲሻገር ወረቀት ይጠፋል ማለቴ ነው። አለምገና ላይ በሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ይዞ የነበረው አይካ አዲስ ጨርቃ ጨርቅም በብድር ምክንያት ልማት ባንክ እጅ ገብቷል። ሽያጭ ወይም ውርስ እንደተሰማ፣ ሻጩ ገና ወንበሩ ላይ እያለ ሂጂ። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ ሰበታ ላይ ፋብሪካ ሲቃጠል አይተናል፤ እሳት ደግሞ ማሽኑን ብቻ መርጦ አይበላም።

በእንግሊዝ አገር አንድ የታወቀ የመደብር ድርጅት ነበር፣ ቢኤችኤስ የሚሉት። ባለቤቱ ሰር ፊሊፕ ግሪን እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ፓውንድ ሸጠው። አዎ፣ በአንድ። በዓመቱ ድርጅቱ ወደቀ፤ የሠራተኛው የጡረታ ፈንድ ጉድለት ከግማሽ ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። የአገሩ የጡረታ ተቆጣጣሪ ሻጩን “ሽጬ ወጥቻለሁ” ብሎ እንዲያመልጥ አልተወውም፤ ተከታትሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ግሪን 363 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። እኛ ዘንድ ድርጅት ሸጦ የሄደን ሰው እግር በእግር የሚከተል እጅ ገና አጭር ነው። ስለዚህ ፍጥነትሽ ነው የሚያድነን።

የአድራሻም ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች ተጠቃለው ሸገር ሆነዋል። ፋይሉ ላይ “ሰበታ ከተማ ቀበሌ” የሚለው ዛሬ ሌላ ስም ነው። ደብዳቤሽ አድራሻው አልተገኘም ተብሎ ሲመለስ ድርጅቱ ጠፋ ብለሽ እንዳትዘጊው፤ ታክሲ ተሳፈሪና ሄደሽ በሩን አንኳኪ።

፭.

የዘበኛችንን ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል።

ጥቅምት 2004 ዓ.ም. ተቀጠረ። “ጊዜያዊ ነው” ብለን አላስመዘገብነውም። እየሠራ፣ ሌሊት ብርድ እየመታው፣ ወር በወር እያስፈረምኩት፣ ስሙ ወደ ጡረታ ዝርዝር የገባው ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። አሥራ አምስት ወር ሜዳ ላይ ቀረ። ማንም አላስተዋለም፤ እሱም አልጠየቀም። ሰኔ 2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ እያለ ሞተ።

ሚስቱ ሦስት ልጆች ይዛ መጣች። በሥራ የቆየው ከአሥር ዓመት በላይ ነው፤ በወረቀት ያለው ግን ዘጠኝ ዓመት ከአምስት ወር። አሥር ዓመት የሞላው ሰው ሚስት የአበሉን ግማሽ በየወሩ ታገኛለች፣ ልጆቹም ድርሻ አላቸው። አሥር ያልሞላው ዳረጎት ነው፤ አንድ ጊዜ ተቀብለሽ የምትሄጂበት ገንዘብ። ሰባት ወር ማስረዳት ነበረብን። የ2004ቱን የእጅ ፔሮል ፍለጋ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባሁ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ኖሮ ካርቶኑ ሥር ያለው ሁሉ ተጣብቆ ሊጥ ሆኗል። ፊርማው ያለበት አምስት ወረቀት አገኘሁ። ሰባት ስፈልግ አምስት። ሁለት ወር ጎደለ።

ይህን የምነግርሽ እንድታለቅሺ አይደለም። የጡረታ ፈንድ ሥጋት ሲባል ሰዎች ስለ ቢሊዮን ብር ያወራሉ። አንቺ ግን ፋብሪካ ስትገቢ መጀመሪያ “ጊዜያዊ ያላችኋቸውን አሳዩኝ” በዪ። ሠራተኛውንም ሰብስበሽ አናግሪው፤ “መለያ ቁጥርህን ታውቃለህ ወይ? ከመቼ ጀምሮ ነው የተመዘገብከው?” በዪው። አንቺ በዓመት አንድ ቀን ነው የምትደርሺው፤ ራሱ የሚጠይቅ ሠራተኛ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

፮.

ምሳ አትብዪ። ሻይም ቢሆን ከቢሮ ውጭ ጠጪ። “ለመኪና ነዳጅ” የሚሉሽን አትስሚ። ለምን እንደሆነ አላስረዳሽም፤ ያቀርብ የነበረው ሰው ነው የሚነግርሽ።

፯.

እስካሁን የተናገርኩት ገንዘቡ ወደ ፈንዱ እንዴት እንደሚገባ ነው። ከገባ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ይህ ከአንቺ ደረጃ በላይ ነው ትዪኝ ይሆናል። ቢሆንም ዛሬ ታናሽ የሆንሽ ነገ ስብሰባ ላይ ትቀመጫለሽ።

የሰፈራችንን ዕድር ታውቂዋለሽ። ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ገንዘብ ያዡ አለ። የድሮው ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ገንዘብ ያዡ ቀብር ላይ ሌላውን ሁሉ የሚያስለቅስ ደግ ሰው ቢሆንም በዓመቱ ሒሳብ መርማሪ ይመረጥበታል፤ አይቀየምም። አባቶቻችን ሌባን ጠርጥረው ብቻ ይህን አልሠሩም፤ ደግን ሰውም ከፈተና ለመጠበቅ ነው።

እንግሊዞች ይህን የተማሩት ዘግይተው ነው። ሮበርት ማክስዌል የሚባል የጋዜጣ ቱጃር እ.ኤ.አ. ኅዳር 1991 ከመርከቡ ላይ ወድቆ ሞተ። ከሞተ በኋላ ነው የሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ ሲከፈት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መጉደሉ የታወቀው፤ የሚንገዳገዱትን ድርጅቶቹን ሲደግፍበት ኖሯል። አሠሪው፣ የፈንዱ ሹምና ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ሰው አንድ ሆኖ ነበር። ሕጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1995 አጠበቁ፣ ተቆጣጣሪ አቋቋሙ፤ እሱም ጥርስ የለውም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 በሌላ ጠንካራ ተቆጣጣሪ ተተካ። አብሮም ድርጅት ሲከስር ለጡረተኛው የሚደርስ የዋስትና ፈንድ አቆሙ። ሁለት ጊዜ ተደናቅፈው ነው የቆሙት።

ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ ለብቻው የቆመ የጡረታ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አላት። እዚያ የፈንዱ ባለአደራዎች ሌላ፣ ገንዘቡን ሥራ ላይ የሚያውለው ሌላ፣ ሰነዱን በካዝና የሚይዘው ባንክ ሌላ ነው። የእኛን ዕድር ሦስት ቁልፍ አስቢ፤ ያው ነው። በእኛ አገር ባንክንና ኢንሹራንስን ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠራል። የካፒታል ገበያውም በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የራሱ ባለሥልጣን ቆሞለታል። በጡረታ ፈንዱ ግን መዋጮውን የሚያስተዳድረው፣ አበሉን የሚወስነውና አሠሪውን የሚቆጣጠረው አንድ ቤት ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛው አንድ፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛው አንድ። ያ ቤት አሠሪውን ይቆጣጠራል፤ ቤቱን ራሱን ከውጭ ሆኖ የሚጠይቅ ለጡረታ ብቻ የቆመ ዳኛ የለም። ዋና ኦዲተር ሒሳቡን ይመረምራል፣ ምክር ቤት ሪፖርት ይሰማል። እነሱ የሚያዩት ግን ያለፈውን ዓመት ነው። እኔ በበኩሌ ለብቻው የቆመ ተቆጣጣሪ ያስፈልገናል ባይ ነኝ። አለቃሽ ፊት ይህን መድገም አይጠበቅብሽም፤ ማወቅ ግን አለብሽ።

፰.

ድምፅ የሌለው ሥጋት አለ፤ እሱ ነው እኔን ያስደነገጠኝ።

ገንዘብ ሲሰረቅ ጩኸት ይሰማል። ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ማንም አይጮኽም፤ በመዝገብ ላይ ቁጥሩ እያደገ ነውና። ለብዙ ዓመታት የጡረታ ፈንዳችን ትርፍ ገንዘብ የሚቀመጠው በግምጃ ቤት ሰነድ ነበር። ሕጉም አስተማማኝ ቦታ ብሎ አስቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው፤ መንግሥት አይከስርም ተብሎ። ወለዱ ግን እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በዚያ ዓመት ብሔራዊ ባንክ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ጨረታ እስኪጀምር። በዚያው ዘመን የዕቃ ዋጋ አንዳንድ ዓመት በሁለት አሃዝ ይጨምር ነበር፤ በ2004 ዓ.ም. እንዲያውም ከ30 በመቶ በላይ ሄደ።

በእጅሽ አስይው። 100 ብር በ2 በመቶ ወለድ አስቀመጥሽ፤ በዓመቱ 102 ሆነ። በዚያው ዓመት ዕቃ በ15 በመቶ ከተወደደ፣ የያዝሽው 102 ብር የሚገዛው ዓምና 88 ብር ከ70 ሳንቲም ይገዛ የነበረውን ነው። ማንም አልሰረቀም። ኦዲተሩ “ትክክል” ብሎ ፈርሟል። ፈንዱ አድጓል ተብሎ ሪፖርት ቀርቧል። አሥራ አንድ ብር ከ30 ሳንቲም ግን የለችም። ይህንን አሥር ዓመት አባዢው። በዝቅተኛ ወለድ የተበደረው መንግሥት መንገድ ሠርቶበታል፣ ግድብ ሠርቶበታል፤ እሰየው። ድጎማውን የሰጠው ግን የሜታው ጠማቂና የአለምገናዋ ሸማኔ መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውም።

ስለዚህ ስለ ፈንዱ ዕድገት ሪፖርት ሲነበብ ስትሰሚ በልብሽ አንድ ጥያቄ ያዢ፦ ከዋጋ ንረቱ ተቀንሶ ስንት ቀረ? መዝገቡ ላይ የሌለው ዐምድ እሱ ነው።

፱.

በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል። ጎረምሶቹ ስለ አክሲዮን ሲያወሩ ሰፈራችን ካፌ ውስጥ ሳይቀር ይሰማል። የጡረታ ገንዘብም ቀስ በቀስ ወደዚያ ይሄዳል፤ መሄዱን አልጠላም፣ ከላይ የነገርኩሽን አይተሽ እንዴት እጠላለሁ? ገንዘብ በአንድ ቅርጫት ተቀምጦ መክረሙ ራሱ ሥጋት ነበር።

ነገር ግን “አስተማማኝ” የሚባል ነገር ሁሉ ሁኔታ እንዳለው አትርሺ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 እንግሊዝ ውስጥ የሆነውን ልብ በዪ። የጡረታ ፈንዶቹ የያዙት የራሳቸውን መንግሥት ቦንድ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ አስተማማኝ ምን አለ? ብዙዎቹ ግን በዚያ ቦንድ ተበድረውበት ነበር። አዲሱ መንግሥት የበጀት ዕቅድ ሲያወጣ የቦንድ ዋጋ ወረደ፤ አበዳሪዎች “መያዣ ጨምሩ” አሉ፤ ፈንዶቹ መያዣ ለማምጣት ቦንድ ሸጡ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው የባሰ ወረደ። በዚያው ወር በ28 ማዕከላዊ ባንካቸው እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ ድረስ ለመግዛት ተዘጋጅቻለሁ ብሎ ባይገባ ኖሮ ገደል ነበር። የጡረታ ተቆጣጣሪውም በሚቀጥለው ዓመት ፈንዶቹ ድንገት ለሚመጣ የወለድ ለውጥ የሚሆን መጠባበቂያ ምን ያህል መያዝ እንዳለባቸው መመሪያ አወጣ። ከደረሰ በኋላ ነው፤ ቢሆንም አወጣ። እኛ ገና ጀማሪዎች ነን። ከአክሲዮን ምን ያህል፣ ከሕንፃ ምን ያህል፣ ከአንድ ድርጅት ከስንት በመቶ በላይ እንዳይገዛ ገደቡ መጻፍ ያለበት ዛሬ፣ ማንም ባልከሰረበት ቀን ነው።

፲.

የግል ድርጅት ሠራተኞች ፈንድ ወጣት ነው። የሚያዋጣው ብዙ፣ የሚቀበለው ጥቂት። እንዲህ ያለ ፈንድ ሁሌም ወፍራም ይመስላል። በ2003 ዓ.ም. በ25 ዓመቱ የገባ ልጅ 60 የሚሞላው በ2038 ነው። የአንቺ ትውልድ ጡረታ ሲወጣ ነው እውነተኛው ሚዛን የሚወጣው፤ ስለዚህ የፈንዱን መጪ ዕዳ የሚያሰሉት አክቹዋሪዎች በየጊዜው የሚያወጡትን ጥናት መደርደሪያ ላይ እንዲተኛ አትፍቀዱ። ኔዘርላንድስ በዓለም አሉ የሚባሉ ሀብታም የጡረታ ፈንዶች ያሏት አገር ናት። እዚያ ፈንዱ ከዕዳው አንጻር ያለው ሀብት ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ተቆጣጣሪው “የማገገሚያ ዕቅድ አምጣ” ሲል ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ ያላገገሙት እ.ኤ.አ. በ2013 የጡረተኛ አበል እስከ መቀነስ ደርሰዋል። ጨካኝ ነው አይደል? ግን የቀነሱት ጥቂት በመቶ ነው፤ የተደበቀ ጉድለት ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጆቻቸው ነበሩ የሚከፍሉት።

፲፩.

ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለት አሠሪና ሠራተኛ የሚያዋጡት የቁጠባ ገንዘብ፣ ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ ከ2003ቱ አዋጅ በፊት የነበሩ። ገንዘቡ ባንክ ሒሳብ ላይ በማን ስም እንደተቀመጠ ጠይቂ። በድርጅቱ ስም ከሆነ ድርጅቱ ሲከስር አበዳሪ ሁሉ የሚያየው የድርጅቱ ገንዘብ ሆኖ ነው። የማክስዌልን ታሪክ የነገርኩሽ ለጨዋታ አይደለም።

፲፪.

የሞተ ሰው አበል የሚበላባቸው ቤቶች አሉ። ታገኚያቸዋለሽ። አጣሪ፣ አስመልሺ፤ ግን አሮጊቷን ሰው ፊት አታዋርጂ። ብዙ ጊዜ የባሏን አበል የምትቀበለው የተተኪ ድርሻ እንዳላት የነገራት ስለሌለ ነው። ጥፋቷን ስታስተካክዪ መብቷንም በዚያው ቀን አስመዝግቢላት።

፲፫.

ቅዳሜ ስትመጪ በጎተራው ጎን ካለው ክፍል አንድ ካርቶን ታነሺያለሽ። ፋብሪካው ያረጀውን ወረቀት ሲያስወግድ ለምኜ ያወጣሁት ነው፤ የእጅ ፔሮል ነው፣ በካርቦን የተገለበጠ፣ ጠርዙን አይጥ የነካው። ያን የምንበትነውን ደመወዝ፣ የምንረሳውን “ጊዜያዊ”፣ ከላይ የነገርኩሽን የዘገየ መዋጮ ሁሉ በራሴ እጅ ጽሑፍ ታዪዋለሽ። ከሌላው ወረቀት አያይዘሽ ተማሪበት። በላዩ በሰማያዊ ፌስታል የተጠቀለሉትን አምስቱን ግን አትንኪብኝ። የዘበኛው ትልቁ ልጅ ዘንድሮ ሕግ ሊማር ነው፤ የቀሩትን ሁለት ወር ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ ብሎኛል፣ ለእሱ ነው ያስቀመጥኳቸው።

አክስትሽ፣ ከሰበታ